መስመሩ በማን ምክር ይዘርጋ?

(ስለ ኤሌክትሪክ ኃይል ማስተላለፊያና ስለ ጎረቤት አገሮች ትብብር የፓርቲያችንን አማራጭ ፖሊሲ ለማስረዳት በሐይቅ ከተማ ለመራጮች የቀረበ ንግግር)






ዛሬ የምንናገረው ስለ መብራት ነው። ለምርጫ የሚመጣ ሁሉ «መብራት እናስገባለን» እያለ ስለሚሄድ፣ ይህን ቃል ብዙ ጊዜ እንደሰማችሁና እንደሰለቻችሁ እናውቃለን። እኛም ይህንኑ ደግመን ብንሄድ ምናልባት ጭብጨባ እናገኝ ይሆናል። ነገር ግን ሕዝብን ማክበር ማለት ችግሩ ከየት እንደመጣ፣ መፍትሔውም ምን እንደሚያስከፍል በግልጽ መናገር ነው ብለን እናምናለን። ስለዚህ ጥቂት ታገሡንና ነገሩን ከሥሩ እንየው።

በዚህ ከተማ በየቤቱና በየሱቁ እየዞርን ስንወያይ አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት፣ «እህል ተሸክመው የተሰለፉ እናቶች ፊት መብራቱ ድርግም ሲል የማፍረው እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ ግን የእኔ አይደለም» አሉን። ዓሣ የሚነግዱ ወጣቶች በረዶ ቀልጦባቸው የጧቱን ዓሣ በግማሽ ዋጋ እንደሚሸጡ ነገሩን። የብረት በያጁ ትእዛዝ ተቀብሎ፣ ቀብድ በልቶ፣ በቀጠሮው ቀን ማድረስ ያቅተዋል። ዳቦ ቤቱ ሊጡ ተቦክቶ ምድጃው ይቀዘቅዝበታል። ስሪ ፌዝ ለማስገባት ያመለከተ ሰው «ትራንስፎርመሩ ሞልቷል» ተብሎ ይመለሳል። ይህ ሁሉ የአንድ ቤት ችግር ሳይሆን የከተማ ኢኮኖሚ ችግር ነው። ሥራ የሚፈልገው ወጣት ወደ ኮምቦልቻ፣ ወደ አዲስ አበባ፣ አልፎም ወደ ዐረብ አገር የሚሰደድበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ታዲያ አገራችን ኃይል የላትም ወይ? አላት። ችግሩ ምን ላይ እንደሆነ እንመልከት።

ኃይል አለ፣ መንገድ የለውም

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ይህ ግድብ የአንድ ፓርቲ ሥራ አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛው ከደመወዙ፣ ነጋዴው ከትርፉ፣ ገበሬው ከእህሉ፣ ተማሪው ሳይቀር ከኪሱ አዋጥቶ የሠራው ነው። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ቦንድ ያልገዛ ሰው መኖሩን እንጠራጠራለን። ከዚያ በፊትም ግቤ ሦስት በ1,870 ሜጋ ዋት አቅም ተሠርቷል፤ በአሸጎዳና በአዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ተተክለዋል። ለተሠራው ሥራ ምስጋና አንነፍግም።

ነገር ግን እንዲህ ያለ አቅም የገነባች አገር ከሕዝቧ ግማሽ ያህሉ ዛሬም መብራት አያገኝም። በ2010 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2025 ለሁሉም ዜጋ መብራት ይዳረሳል የሚል ግብ ነበረው። ያ ዓመት ደርሶ አልፏል፤ ግቡ ግን አልተመታም። ያለነውም ብንሆን የሚመጣውና የሚሄደውን መብራት እንጠብቃለን። ለምን?

መልሱን ለእናንተ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ለዚህች ከተማ ስሟን የሰጣትን ሐይቅ ታውቁታላችሁ። ከላይ ከአርዲቦ የሚወርደው ውሃ ይገባበታል፤ ከሐይቁ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። ውሃው አለ፣ ጥልቅም ነው፤ ነገር ግን ከዳርቻው ራቅ ብሎ በበጋ የደረቀ ማሳ ያለው ገበሬ ቦይ ወይም ፓምፕ ከሌለው ውሃውን ከማየት በቀር አይጠቀምበትም። የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይልም እንዲሁ ነው። ማመንጫው ላይ ኃይሉ ተጠራቅሟል፤ ወደ ሕዝቡ የሚወስደው ቦይ ግን ጠባብ፣ ያረጀ፣ አንዳንድ ቦታም ጨርሶ የሌለ ነው።

የኤሌክትሪክ ቦይ ሦስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ከግድብ ወይም ከነፋስ ማመንጫ ተነስቶ በትላልቅ የብረት ማማዎች ላይ የሚጓዘው ከፍተኛ መስመር ነው። ከሕዳሴ ግድብ በዴዴሳ በኩል ወደ ሆለታ የሚመጣው 500 ኪሎ ቮልት መስመር ከዚህ ውስጥ የሚቆጠር ነው። ቮልቴጁ ከፍ የሚደረገው በመንገድ የሚባክነውን ኃይል ለመቀነስ ነው፤ ለተመሳሳይ ኃይል ቮልቴጁ እጥፍ ሲሆን በሽቦው ላይ በሙቀት የሚጠፋው ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ሁለተኛው ሰብስቴሽን የምንለው፣ ኃይሉን ተቀብሎ ዝቅ አድርጎ ወደየከተማው የሚያከፋፍለው ጣቢያ ነው። ሦስተኛው በየሰፈራችን የምናየው የእንጨትና የሲሚንቶ ምሰሶ፣ ሽቦና ትራንስፎርመር ነው። ከሦስቱ አንዱ ከደከመ የሌሎቹ ብርታት ዋጋ የለውም። ሪባን የሚቆረጠው ግን ሁልጊዜ ከግድቡ ላይ ነው። ለትራንስፎርመር ማንም ሪባን ቆርጦ ስለማያውቅ በጀቱም ትኩረቱም ወደዚያ አይሄድም።

«እኛ በጨለማ፣ ጎረቤት በብርሃን?»

ከሁሉም ይበልጥ የተጠየቅነው ጥያቄ ይህ ነው፤ «እኛ በጨለማ ተቀምጠን መንግሥት እንዴት ለውጭ አገር መብራት ይሸጣል?»

ይህን ቁጣ እንረዳዋለን። ለምርጫ ቅስቀሳም የሚመች ቁጣ ነው። «ብንመረጥ ሽያጩን እናቆማለን» ብንላችሁ ዛሬ በጭብጨባ ልትሸኙን ትችላላችሁ። ነገር ግን አንላችሁም፤ ምክንያቱም እውነት አይደለም።

ሒሳቡን እንየው። ኢትዮጵያ ለጅቡቲ ከድሬዳዋ በሚነሳ 230 ኪሎ ቮልት መስመር ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ኃይል ትሸጣለች። ለሱዳንም በጎንደር በኩል በመተማ አድርጎ መስመር ተዘርግቷል። ትልቁ ግን ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ እስከሚባለው ቦታ 1,045 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዘው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ነው። በዚህ መስመር ሽያጭ የተጀመረው ኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። ውሉ ለ25 ዓመት ሲሆን ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 200 ሜጋ ዋት፣ ከዚያ በኋላ እስከ 400 ሜጋ ዋት ይላል። 200 ሜጋ ዋት ከሕዳሴ ግድብ አቅም ብቻ ከመቶ አራት እጅ አይሞላም። ይህ ሽያጭ ነገ ጧት ቢቆም በሐይቅ ከተማ አንድ አምፖል ተጨማሪ አይበራም። ሞልቷል የተባለው ትራንስፎርመር እንደሞላ ነው፤ ያዘመመው ምሰሶም እንዳዘመመ ነው። የሚቀረው የውጭ ምንዛሪው ብቻ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው «ለምን ተሸጠ?» መሆን የለበትም። ትክክለኛው ጥያቄ «መስመሩ ሲታቀድ ማን ተማከረ? የተሸጠበት ገንዘብስ የት ገባ?» የሚለው ነው። ፓርቲያችን ከገዥው ፓርቲ ጋር የሚለያየው እዚህ ላይ ነው።

የኬንያው መስመር እስከ 2,000 ሜጋ ዋት እንዲያስተላልፍ ሆኖ የተሠራ ነው። በመጀመሪያው ውል የተሸጠበት ግን ከአቅሙ አንድ አሥረኛው ነው። ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ የፈሰሰበት መንገድ ዘጠኝ እጁ ባዶውን ሲሄድ ዕዳው አይጠብቅም። መስመሩ መሠራቱን አንቃወምም፤ እንዲያውም ሩቅ ያሰበ ሥራ ነው። ነገር ግን ማን ይገዛል፣ መቼ ይገዛል፣ በየትኛው ወቅት፣ በምን ዋጋ የሚለው ከጎረቤቶች ጋር አብሮ ካልታቀደ ከፍተኛ ወጪ የወጣበት ሽቦ የሩቅ ተስፋ ብቻ ተሸክሞ ይቆማል።

ብቻውን የሚያቅድ ሁለት ጊዜ ይከፍላል

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። ጎረቤታችን ኬንያ በቱርካና ሐይቅ አጠገብ 310 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ 365 የነፋስ ተርባይኖች ተተክለውላት በ2017 እ.ኤ.አ. ሥራቸው ተጠናቀቀ። ነገር ግን ኃይሉን የሚወስደው 428 ኪሎ ሜትር መስመር የደረሰው በመስከረም 2018 እ.ኤ.አ. ነበር። እስከዚያ ድረስ ተርባይኖቹ ነፋሱን እያዩ ቆሙ፤ የኬንያ ሕዝብም ላላገኘው ኃይል በውሉ መሠረት ካሳ ተከፈለበት። መንገዱ ሳይሠራ ገበያ የከፈተ ሰው የሚደርስበት ይኸው ነው።

በአንጻሩ በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ ሕግ በመጀመሪያ ነፋስ የበዛባቸውን አካባቢዎች ለየ፤ ባለሀብቶቹ ተርባይን ከመትከላቸው በፊት ወደ ትላልቅ ከተሞች የሚወስደው መስመር ታቀደ፤ ወጪውም በሁሉም ደንበኛ ላይ ተከፋፈለ። መስመሩ እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ ሲጠናቀቅ 18,500 ሜጋ ዋት ያህል የነፋስ ኃይል መሸከም ይችል ነበር። መጀመሪያ መንገዱ፣ ቀጥሎ ገበያው። አስተማሪነቱ ይህ ነው።

ስለ ጎረቤት ትብብርም ከሩቅ አንድ ምሳሌ እንጨምር። ኖርዌይ እንደኛ የውሃ አገር ናት፤ ዴንማርክ ደግሞ የነፋስ አገር ናት። ሁለቱ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በባሕር ሥር በተዘረጋ ገመድ ተገናኝተዋል። ዴንማርክ ነፋሱ ሲበረታ ለኖርዌይ ትሸጣለች፤ ኖርዌይ ያን ጊዜ ውሃዋን በግድብ ታስቀምጣለች። ነፋሱ ሲቆም ኖርዌይ ውሃዋን ለቅቃ ለዴንማርክ ትሸጣለች። ሁለቱም ያለ አንዱ መኖር ይችላሉ፤ አብረው ሲሆኑ ግን ሁለቱም ያተርፋሉ።

እኛስ? የእኛ ኃይል አብዛኛው ከውሃ ነው። ውሃ ደግሞ በዝናብ ላይ የተንጠለጠለ ነው። የግንቦት 2011ን ፈረቃ ታስታውሳላችሁ። የግቤ ሦስት ግድብ ውሃ ዝቅ ሲል ከተሞቻችን በፈረቃ መብራት አገኙ፤ ወደ ጎረቤት የሚሸጠውም ተቋረጠ። በዚያን ጊዜ ከኬንያ ጋር የተሳሰረ መስመር ሥራ ላይ ቢሆን ኖሮ ኬንያ በኦልካሪያ ከምድር እንፋሎት የምታመነጨው ኃይል ዝናብ ስለማይጠብቅ ጥቂት ሊረዳን ይችል ነበር። ጅቡቲም በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በጉቤት 60 ሜጋ ዋት የነፋስ ማመንጫ አስመርቃለች። የእኛ ነፋስ ራሱ በበጋ ሲበረታ ውሃችን የሚቀንስበት ጊዜ ነው። እግዚአብሔር ውሃውንና ነፋሱን በየወቅቱ አከፋፍሎ ሰጥቶናል። የቀረን በሽቦ ማያያዝና አብሮ ማቀድ ነው። ሽቦው መሸጫ ብቻ ሳይሆን በክፉ ቀን መበደሪያም ነው፤ እንደ ዕቁብና እንደ ዕድር የሚሠራ ነው።

ለዚህ ሥራ ተቋሙ አለ። የምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ቋት እ.ኤ.አ. በ2005 በሰባት አገሮች ተመሠረተ፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ዛሬ አባላቱ ከአሥር በላይ ሆነዋል። ኬንያና ታንዛኒያም በ400 ኪሎ ቮልት መስመር ተገናኝተዋል፤ ይህም ማለት ከወላይታ ሶዶ የተነሳ ኃይል ወደ ደቡብ የሚዘልቅበት መንገድ ተከፍቷል። መሥሪያ ቤቱ ቤታችን ውስጥ ሆኖ ሳለ ሕዝባችን ስለዚህ ተቋም የሚያውቀው ነገር የለም። ምክር ቤቱ በአባልነታችን ምን እንዳገኘን፣ ምን እንደገባን በይፋ ሲከራከርበት አልሰማንም።

ወሎ የመስመሩ ወገብ ናት

«ይህ ሁሉ ከሐይቅ ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። በእጅጉ ያገናኘዋል።

ከዚህ ብዙም የማይርቀው ኮምቦልቻ የሰሜን ምሥራቁ መስመር መጋጠሚያ ነው። ወደ ሰሜን ወደ አላማጣ የሚሄደው 230 ኪሎ ቮልት መስመር ከዚያ ይነሳል። ወደ አፋር ወደ ሰመራ የሚወርደውም እንዲሁ። ሁለተኛው የጅቡቲ መስመር ደግሞ ከሰመራ በጋላፊ በኩል ጅቡቲ ውስጥ ናጋድ እስከሚባለው ቦታ እንዲዘረጋ ታቅዷል። ስለዚህ ወሎ የዚህ ንግድ ተመልካች አይደለችም፤ ወገቡ ናት። ወገብ የሆነ አካል ሸክሙን ብቻ ተሸክሞ ምግቡን ሳያገኝ ሊቀር አይገባም።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ያሳለፋችሁትን እኛ ለእናንተ አንነግራችሁም። ጦርነቱ በዚህ ሲያልፍ ሰው ሞተ፣ ንብረት ወደመ፣ ከተሞቻችን በጨለማ ሰነበቱ። ከወልድያ ወዲያ ያሉት ወገኖቻችን ጨለማው ወራት ወሰደባቸው። ከዚያ የተማርነው ነገር አለ። በአንድ ሽቦ ብቻ የሚመገብ አካባቢ በጦርነትም፣ በጎርፍም፣ በአንድ ማማ መውደቅም ሙሉ በሙሉ ይጨልማል። የመስመር ዕቅድ ከሁለት አቅጣጫ መግቢያ ካላበጀ ዕቅድ አይባልም። ይህንንም ክልሎች ብቻ ብቻቸውን ሊሠሩት አይችሉም። የአማራ፣ የአፋርና የትግራይ ሕዝቦች በአንድ ሽቦ የተሳሰሩ ናቸው፤ አንዱ ሲጎዳ ሌላው ይጨልማል። ከኬንያና ከጅቡቲ ጋር ተባብሮ ለማቀድ የሚሞክር መንግሥት በመጀመሪያ የራሱን ክልሎች በአንድ ጠረጴዛ ማስቀመጥ አለበት።

የውጫሌ ትምህርት

ከውጫሌ ለመጣችሁ ወገኖቻችን ልዩ ቃል አለን። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በቀበሌያችሁ የተፈረመውን ውል ዓለም ያውቀዋል። የ17ኛው አንቀጽ አማርኛ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አማካይነት መጠቀም ይችላሉ ሲል፣ ኢጣሊያንኛው ግን መጠቀም አለባቸው የሚል ነበር። በአንድ ግሥ ልዩነት አገር ልትያዝ ነበር። ጉዳዩ የተፈታው ዐድዋ ላይ፣ በደም ነው።

ዛሬ የኃይል ሽያጭ ውል የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ለ25 ዓመት የሚጸና፣ ገና ያልተወለዱ ልጆቻችንን የሚያስገድድ ውል ነው። በዝናብ እጥረት ኃይል ብንከለክል ምን እንቀጣለን? ጎረቤት ያልወሰደውን ኃይል ይከፍላል ወይስ አይከፍልም? ክርክር ቢነሳ የት አገር፣ በየትኛው ዳኛ ይታያል? ጎረቤቶቻችንን እንደ ጠላት አናይም፤ ኬንያም ጅቡቲም ወዳጆቻችን ናቸው። ነገር ግን ወዳጅነት የሚጸናው ሁለቱም ወገን በየቋንቋው አንድ ዓይነት ነገር ሲያነብ ነው። የውጫሌ ልጆች ይህን ከማንም በላይ ታውቃላችሁ።

ብንመረጥ የምናደርገው

ፓርቲያችን የሕዝብን ድምፅ አግኝቶ መንግሥት ቢመሠርት የሚከተሉትን ይፈጽማል።

አንደኛ፤ የአሥር ዓመት ብሔራዊ የኃይል ማስተላለፊያ ዕቅድ በሕግ ይወጣል። ዕቅዱ በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል። በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና በየክልሉ ምክር ቤት በይፋ ይመከርበታል። ለማንኛውም አዲስ ማመንጫ ውል ከመፈረሙ በፊት የሚወስደው መስመርና የሚቀበለው ሰብስቴሽን ገንዘቡና ጊዜው የታወቀ መሆን አለበት።

ሁለተኛ፤ በምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ቋት ውስጥ ኢትዮጵያ ሻጭ ብቻ ሳትሆን አብራ የምታቅድ እንድትሆን እናደርጋለን። በድርቅ ጊዜ የመበዳደር፣ በጥገና ጊዜ የመተካካት፣ በነፋስና በውሃ ወቅት የመለዋወጥ ስምምነት ከጎረቤቶች ጋር እንደራደራለን። ለአባላት ምክር ቤቱ በየዓመቱ ሪፖርት ይቀርባል።

ሦስተኛ፤ ለውጭ አገር የሚሸጥ ኃይል ውል ሁሉ በአማርኛና በክልሎች የሥራ ቋንቋዎች ታትሞ ይወጣል። አገር የሚያስገድድ ነገር ከሕዝብ የሚደበቅበት ምክንያት የለም።

አራተኛ፤ ከኃይል ኤክስፖርት ከሚገኘው ገቢ ከአምስት እጅ አንዱ በሕግ ተለይቶ ለከተሞችና ለገጠር ማከፋፈያ መስመር፣ ለትራንስፎርመርና ለሰብስቴሽን ብቻ እንዲውል እናደርጋለን። ትራንስፎርመር፣ ኬብልና ቆጣሪ በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ ናቸው፤ ስለዚህ ከውጭ የመጣው ዶላር ወደ ሰፈራችሁ ምሰሶ የሚደርስበት ቀጥተኛ መንገድ ይህ ነው። ማስተላለፊያው የሚያልፍባቸው ዞኖች ቅድሚያ ያገኛሉ። ደቡብ ወሎም ከእነዚህ አንዱ ነው።

አምስተኛ፤ ማማ ለሚተከልበትና መስመር ለሚያልፍበት መሬት ባለይዞታ ካሳው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይከፈላል። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 የተጻፈው መብት በወረቀት ላይ ብቻ እንዳይቀር በየወረዳው ሕዝብ የመረጣቸው ታዛቢዎች ያሉበት ኮሚቴ ይቋቋማል። ባሕር ዛፉ የተቆረጠበት ገበሬ ከሽቦው ሥር ቆሞ ኩራዝ የሚያበራበት ዘመን ማብቃት አለበት።

ስድስተኛ፤ የታሪፍ ጭማሪ ከአገልግሎት ጋር ይታሰራል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ እየጨመረ እንዲሄድ ተደርጓል። ኃይል የማምረቻ ወጪው መሸፈን እንዳለበት አንክድም። ነገር ግን ሕዝብ ጨምሮ ሲከፍል የመቋረጡ ሰዓት መቀነስ አለበት። እያንዳንዱ ከተማ በወር ስንት ሰዓት ጨለማ እንደነበር በየወሩ በየቀበሌው ይለጠፋል፤ የተቀመጠውን መጠን ያላሟላ አካባቢ ላይ ጭማሪው አይፈጸምም።

ቃል የማንገባላችሁ ነገር

በአንድ ዓመት ለሁሉም ቤት መብራት እናዳርሳለን አንልም። አንድ ከፍተኛ መስመር ከጥናት እስከ ሥራ ብዙ ዓመት ይወስዳል። ታሪፉን ወደ ድሮው እንመልሳለን አንልም፤ ይህን ያለ ሰው ትራንስፎርመራችሁ ሲቃጠል የሚተካበት ገንዘብ አይኖረውም። ከጎረቤት ጋር ያለውን ውል እንቀዳለን አንልም፤ የመንግሥት ፊርማ በምርጫ ቁጥር የሚፈርስ ከሆነ ነገ ከኢትዮጵያ ጋር የሚዋዋል አይኖርም። ቃል የምንገባው ዕቅዱን እንድታዩት፣ ውሉን እንድታነቡት፣ ገንዘቡን እንድትቆጥሩት ነው። ይህን ካላደረግን በሚቀጥለው ምርጫ እንድታሰናብቱን ነው።

የተከበራችሁ ወገኖቻችን፣

የዚህ አካባቢ ሕዝብ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ገበያ ሲገበያይ፣ በአንድ ለቅሶ ሲላቀስ፣ በዕቁብና በዕድር ሲረዳዳ የኖረ ነው። ጎረቤት በክፉ ቀን እንደሚያስፈልግ፣ ሒሳብ ግን በግልጽ መያዝ እንዳለበት ከማንም አትማሩም። እኛ ለአገር የምንመኘው ይህንኑ ነው። ከጎረቤት አገሮች ጋር በዕድር እንደተቀመጠ ሰው አብሮ የሚያቅድ፣ በቤቱ ውስጥ ደግሞ ለሕዝቡ ደብተሩን ከፍቶ የሚያሳይ መንግሥት እንሻለን።

ድምፅ በምትሰጡበት ቀን ካርዳችሁን ይዛችሁ ስትወጡ የወፍጮ ቤቱን ባለቤት ቃል አስታውሱ። ያፈሩት እሳቸው ነበሩ፤ ማፈር ያለበት ግን ሌላ ነው። ወክለን እንድንሠራ ብትመርጡን ያን ኃፍረት ከእናንተ ላይ አንስተን በራሳችን ላይ እንወስዳለን፤ መብራቱ ሲጠፋ የምትጠይቁት ሰው ይኖራችኋል።

አሁን ተራው የእናንተ ነው፤ ጠይቁን፣ ተቹን፣ አርሙን።

ፈጣሪ አገራችንን ሰላም ያድርግልን። አሜን፤ አሚን።